ከወበቅ በፊት፦ ጅቡቲን በብስክሌት

በጥር ወር ጅቡቲ ከተማ ላይ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ ቀደም ብላ ያለችው አንዲት ሰዓት ብስክሌት ለሚወድ ሰው ውድ ናት። ሙቀቱ 22 ወይም 23 ዲግሪ ላይ ነው፤ የባሕሩ ነፋስ ገና አልበረታም፤ የሄሮን ሰፈር ጎዳናዎችና ምኒልክ አደባባይ ጭር ብለዋል። ከተማዋ ከባሕሩ ጋር እኩል የተዘረጋች ሜዳ ስለሆነች ጎማው ያለ ብዙ ልፋት ይንከባለላል። ሦስት ሰዓት ሲሆን ግን ያቺ ከተማ የለችም። ፀሐይዋ ትከርራለች፣ አስፋልቱ ይግላል፣ ወበቁ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ ይለጠፋል።

ይህ እንግዲህ በቀዝቃዛው ወቅት ነው። በሐምሌ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ሌሊቱም ከ30 ብዙ አይወርድም፣ ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ደግሞ ከምዕራብ አቧራ ጭኖ ይመጣል። በእንዲህ ያለ ከተማ ኮርስ ብስክሌት ገዝቶ፣ ስልኩ ላይ የፍጥነት መለኪያ ጭኖ፣ ቴሌቪዥን ላይ እንዳያቸው ተወዳዳሪዎች አንገቱን ደፍቶ የሚጋልብ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ ቢሰቅለው አይገርምም። ስንፍና አይደለም። የወሰደው አርአያ ለእርሱም ለከተማዋም የማይሆን ነው።

አርአያዎቹ በእርግጥ የሚያኮሩ ናቸው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር፤ ገረመው ደንቦባ ከእነዚያ አንዱ ነው፣ ከአራት ዓመት በኋላም ሮም ላይ ተወዳድሯል። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ የነጥብ መሪውን አረንጓዴ ማልያ ወሰደ። በመስከረም 2025 ደግሞ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ፣ ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። ይህን ሁሉ ያየ ወጣት እንደ እነርሱ ልሁን ቢል ማን ይከለክለዋል?

ነገር ግን ባለሙያው የሚጋልብበትን ሁኔታ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ቱር ደ ፍራንስ ላይ በ21 የውድድር ቀናት 3,400 ኪሎ ሜትር ያህል ይጋለባል፤ የአሸናፊው አማካይ ፍጥነት በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ለመኪና ተዘግቶለታል። ስምንት ሆነው ስለሚሰለፉ ጓደኞቹ ነፋሱን ይመክቱለታል። ከኋላ የሚከተለው የቡድኑ መኪና ውሃ ያቀብለዋል፣ ጎማው ሲተነፍስ ቸርኬውን ይቀይርለታል፣ ማታ እግሩን የሚያሽለት ባለሙያ ይጠብቀዋል። ለእርሱ ብስክሌት መተዳደሪያው ነው። ጅቡቲ ውስጥ ከሥራ በፊት ለአንድ ሰዓት ተኩል የሚወጣ የመጋዘን ሠራተኛ፣ አስተማሪ ወይም ነጋዴ ከእነዚህ አንዱም የለውም፤ እንዲኖረውም አያስፈልግም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ስሌት አለ። በሜዳ መንገድ ላይ ብስክሌተኛን የሚታገለው በዋናነት አየር ነው። ፍጥነት በሰዓት ከ20 ወደ 30 ኪሎ ሜትር ሲያድግ አየሩን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ 40 ሲደርስ ስምንት እጥፍ ነው። የሰው ጡንቻ ደግሞ ከሚያቃጥለው ጉልበት ወደ ፔዳሉ የሚያደርሰው ቢበዛ ሩብ ያህሉን ነው። የቀረው ወደ ሙቀት ይለወጣል፣ ይህ ሙቀት ከሰውነት የሚወጣው በአብዛኛው በላብ ነው። ላብ የሚያቀዘቅዘው ደግሞ ሲተን ብቻ ነው፤ አየሩ በባሕር እርጥበት ሲሞላ ላቡ አይተንም፣ ይንጠባጠባል እንጂ። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ አቅሙን ያለፈ ጋላቢ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ጅቡቲ ላይ ያለፈ ግን ራሱ ይዞራል። እዚህ ከተማ ፍጥነት መቀነስ ማለት መቀዝቀዝ ማለት ነው።

ልኩን ለማወቅ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። አጠገቡ ካለው ጓደኛው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መነጋገር የሚችል ሰው በልኩ እየሄደ ነው። ቃላቱ በትንፋሽ መካከል መበጣጠስ ከጀመሩ አልፏል፤ ማርሹን አቅልሎ እግሩን ማሳረፍ አለበት።

ይህን የእርጋታ አጋላለብ በጽሑፍ ካስተማሩት አንዱ ፖል ደ ቪቪ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1853 ተወልዶ በ1930 ሞተ፤ አብዛኛውን ዕድሜውን ሳንቴቲየን በምትባል ከተማ ኖረ፣ የብስክሌት መጽሔት አዘጋጀ፣ ቬሎሲዮ በሚል የብዕር ስምም ታወቀ። ለተጓዥ ብስክሌተኞች ሰባት ደንቦች ትቶላቸዋል። ከእነዚያ ውስጥ ለጅቡቲ የተጻፉ የሚመስሉ አሉ፦ ሳይርብህ ብላ፣ ሳትጠማ ጠጣ ይላሉ በጥቅሉ። ሌላው ደግሞ ለታይታ መጋለብን የሚከለክል ነው። ቬሎሲዮ የሚደነቅበት ሌላም ነገር አለ። ባለብዙ ማርሽ ብስክሌት ለደካማና ለሽማግሌ ነው ተብሎ በሚናቅበት ዘመን እርሱ ዳገትን ያለ ሥቃይ ለመውጣት ማርሽ ያስፈልጋል ብሎ ተከራከረ። ቱር ደ ፍራንስ ማርሽ መለወጫን የፈቀደው በ1937 ነው። ዛሬ የዓለም ሻምፒዮኖች ያለ እርሱ የማይንቀሳቀሱት ዕቃ አስቀድሞ የተወደደው ለመዝናናት በሚጋልቡ ሰዎች ዘንድ ነበር።

እዚያው ፈረንሳይ የተወለደው የረጅም ጉዞ ልማድም አለ። በየአራት ዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከፓሪስ ተነሥተው ብሬስት ደርሰው ይመለሳሉ፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ነው፣ የጊዜው ጣሪያ 90 ሰዓት ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ የሚባል የለም፤ በጊዜው የገባ ሁሉ ገብቷል። በዚሁ ሥርዓት ለ200 ኪሎ ሜትር የሚፈቀደው 13 ሰዓት ተኩል ነው፤ ምግብና ዕረፍት ጨምሮ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ብቻ ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ሰው ዝግ ብሏል ተብሎ አይታፈርበትም።

ለአማርኛ አንባቢ ግን እስከ ፈረንሳይ መሄድም አያስፈልገውም። በባሕር ዳር የዘንባባ ጥላ ሥር ጎን ለጎን እየተጫወቱ የሚያልፉ፣ በሐዋሳ ሜዳ ጎዳናዎች ወደ ሥራና ወደ ገበያ የሚጋልቡ ሰዎች ስፖርተኛ ናችሁ ቢባሉ ይገረማሉ። ጀርባቸው ቀጥ ያለ ነው፣ ልብሳቸው የዘወትር ነው፣ የሚያውቁትን ሰው ሲያዩ ወርደው ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ከሰሜን ወይም ከደቡብ ኢትዮጵያ ወደ ጅቡቲ የመጣ ሰው ይህን ልማድ ከቤቱ ይዞት የመጣ ነው። አዲስ ብስክሌት ሲገዛ መርሳት የለበትም።

ወደ ብስክሌቱ ስንመጣ፣ ዋናው ነገር ጎማው ነው። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ለብዙ ዓመታት ይጠቀሙበት የነበረውን 23 ሚሊ ሜትር ቀጭን ጎማ ትተው ዛሬ 28 እና 30 ሚሊ ሜትር ላይ ናቸው፤ በሻካራ መንገድ ላይ ጠንካራና ቀጭን ጎማ ጋላቢውን ያንቀጠቅጣል እንጂ እንደታሰበው አያፈጥንም። ጅቡቲ ላይ ነፋስ አስፋልቱን አሸዋ ስለሚያለብሰው ብስክሌቱ የሚቀበል ከሆነ 32 ወይም 35 ሚሊ ሜትር ይሻላል። የግራር እሾህ የማይቀር ስለሆነ ትርፍ ካላማዳሪና ትንሽ የእጅ ፓምፕ መያዝ ግድ ነው፤ ከከተማ ከወጡ በኋላ ጎሚስታ የለም። መሪውን ወደ ኮርቻው ከፍታ ማምጣት ወገብን ያሳርፋል። ሰውነት ላይ የሚጣበቅ የተወዳዳሪ ልብስ ግዴታ አይደለም፤ ሰፋ ያለ፣ ስስ፣ ነጣ ያለ ሸሚዝ ፀሐይንም ይከላከላል፣ በዚህች ከተማ አለባበስ መካከልም እንግዳ አይመስልም። ቤት ሲመለሱ ደግሞ ብስክሌቱን በንጹሕ ውሃ ጠርጎ ካቴናውን ዘይት መቀባት ያስፈልጋል፤ የባሕሩ ጨው ብረትን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያዝገዋል።

ወዴት ይኬዳል? ለአንድ ጠዋት የሚበቃው ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ በዳመርጆግ በኩል ወደ ሎያዳ የሚወስደው መንገድ ነው። እስከ ሶማሌላንድ ድንበር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ባሕሩም ሩቅ አይደለም። ዳመርጆግ ወደ ውጭ የሚላኩ የቁም እንስሳት ማቆያ ያለባት ቦታ ስለሆነች የግመልና የበግ መንጋ ማየት የተለመደ ነው። በቀዝቃዛው ወቅት ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ ስለሚነሣ ሲሄዱ ከፊት ይገፋል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል። ጥሩ ይመስላል፣ ግን ወጥመድም አለበት። ከኋላ የሚነፍሰው ነፋስ በብስክሌቱ ፍጥነት ልክ ሲሆን ፊት ላይ ምንም አየር አይሰማም፤ ላቡ አይተንም፤ ሙቀቱ የሚጠናውም ያን ጊዜ፣ ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ግማሹን ውሃ ለመመለሻ ያስቀራል፣ ነፋሱ ሲገፋውም እግሩን ያሳርፋል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም። ሌላው ጥንቃቄ ፀሐይ ስትወጣ ያለው ሩብ ሰዓት ነው፤ ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ሹፌር ዓይኑ ይታወራል። የኋላ ቀይ መብራት በዚያ ሰዓት ከጨለማው ይልቅ ያስፈልጋል።

ዳገት የሚወድ ሰው አርታ አለችለት። ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ በጥቂት ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ በፈረንሳይ ዘመን ከሙቀት መሸሻ የነበረችውም ለዚህ ነው። ብስክሌቱን መኪና ላይ ጭኖ አርታ መውጣትና እዚያ መጋለብ ማንንም ማታለል አይደለም፤ የሚሹት ነፋሻው አየር ከሆነ አየሩ ያለው እዚያ ነው። አሳል ሐይቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ያለ፣ የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ስለሆነ ቁልቁለቱ መጀመሪያ ይመጣል፣ ዳገቱ ደግሞ ጉልበት ካለቀ በኋላ ይጠብቃል። ያለ አጃቢ መኪና መሞከር የለበትም።

ውሃ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይፈለጋል፣ ጉዞው ከአንድ ሰዓት ካለፈ ጥቂት ጨው ያለበት ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ በዚያ ሙቀት ውስጥ ብርድ ብርድ ማለት ከተሰማ ጉዞው እዚያው ያበቃል፦ ጥላ፣ ውሃ አናት ላይ፣ ስልክ ወደ ቤት። ለዚህም ሲባል ብቻውን ከሚወጣ ሰው ሁለት ሆነው የሚወጡት ይመረጣሉ። ፈጣኑ ዘገምተኛውን ይጠብቃል። ዓርብ ማለዳ ለዚህ ይመቻል፤ የዕረፍት ቀን ስለሆነ መንገዱም ይላላል።

የቀረው ጉዳይ የጋላቢው ሳይሆን የሹፌሩ ነው። ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው፤ ከዶራሌ ወደብ በፒኬ 12 አድርገው ወደ ጋላፊ ድንበር በሚወጡት ተሳቢዎች መሪ ላይ የሚቀመጡት በአብዛኛው አማርኛ የሚናገሩ ሹፌሮች ናቸው፣ ከዚህ ጽሑፍ አንባቢዎችም መካከል አይጠፉም። ተሳቢ በቅርብ ሲያልፍ አየሩ ብስክሌቱን መጀመሪያ ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ጎማው ይስበዋል፤ ከመሪው ኋላ ሆኖ ይህ አይታይም። እባካችሁ፣ ጠርዝ ይዞ የሚሄድ ብስክሌተኛ ስታዩ ጡሩምባውን አጠገቡ ደርሳችሁ ሳይሆን ከሩቅ ንፉ፤ ስታልፉት አንድ ሜትር ተኩል ልቀቁለት፤ ከፊት መኪና እየመጣ ከሆነ ከኋላው ግማሽ ደቂቃ ታገሡ።