የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ማስተርስ ምን ያስተምራል? «ፀሐይ»ን ፍለጋ

«ፀሐይ» የሚለው ቃል በስንት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል? እስቲ እንቁጠር። የመጀመሪያው ፊደል ፀ ወይም ጸ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ። በአማርኛ ሲነበቡ ሁሉም ያው ናቸው። 2 ሲባዛ በ6፣ 12 አጻጻፍ አለን ማለት ነው። እኛ «ጸሀይ» ተብሎ ቢጻፍ ግር አይለንም፣ አንብበን እናልፋለን። ለኮምፒውተር ግን እነዚህ 12 የተለያዩ ቃላት ናቸው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። የግዕዝ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ወደተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ሲገቡ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው፦ ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736። ማሽኑ የሚያወዳድረው ድምፅን ሳይሆን ቁጥርን ስለሆነ፣ ካልተነገረው በቀር ሀ እና ሐ ለእሱ እንደ ሀ እና መ የተለያዩ ናቸው።

«እና ምን ይጠበስ?» ትሉ ይሆናል። አንዲት ነፍሰ ጡር ስልኳ ላይ «ፅንስ» ብላ ስትፈልግ፣ የሚጠቅማት ምክር «ጽንስ» ተብሎ ተጽፎ ከሆነስ? ምክሩ ተጽፏል፣ ኢንተርኔት ላይም አለ፤ ለእሷ ግን የለም። ሊገኝ ያልቻለ መረጃ ካልተጻፈ መረጃ አይለይም። ኢንፎርሜሽን ሳይንስ የሚባለው ትምህርት የሚያገባውም እዚህ ጋር ነው።

ብዙ ወጣቶች ስለዚህ ማስተርስ ሲያስቡ የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ «ኮዲንግ ለመማር ከሆነ ዩቲዩብ ላይ ሞልቶ የለም እንዴ? ለምን ሁለት ዓመት?» ጥያቄው ተገቢ ነው። አጭሩ መልስ፣ ማስተርስ የሚያስተምረው ዋናው ነገር ኮድ አይደለም የሚል ነው። የሚያስተምረው ችግርን ሊለካ ወደሚችል ጥያቄ መቀየር ነው።

ትምህርቱ ከሌሎቹ በምን ይለያል?

ኮምፒውተር ሳይንስ በአብዛኛው «ይህ ስሌት እንዴት ይሠራል? ምን ያህልስ ይፈጥናል?» ይላል። ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ «ሲስተሙ እንዴት ይተከል? ሳይቋረጥ እንዴት ይሥራ?» ይላል። ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ደግሞ በሰውና በመረጃ መካከል ይቆማል፦ መረጃ እንዴት ይሰበሰባል፣ እንዴት ይደራጃል፣ ለሚፈልገው ሰው እንዴት ይደርሳል? ድንበሩ ጥብቅ አይደለም። የፕሮግራሙ ስምም ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ የኮርስ ዝርዝሩን ማየት ይሻላል።

እኛ አገር ትምህርቱ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 በዩኔስኮና በካናዳ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ አንድ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር፤ ዓላማው ከኢትዮጵያ አልፎ ለሌሎች የአፍሪካ አገሮችም በማስተርስ ደረጃ ባለሙያ ማፍራት ነበር። የዛሬው የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ትምህርት ክፍል መነሻ ይኸው ነው። የታተመ አማርኛን ኮምፒውተር እንዲያነብ ለማድረግ ከተሞከሩት ቀደምት ሥራዎች መካከልም በ1990ዎቹ እዚያው የተሠሩ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፎች ይገኛሉ።

አንድ የማስተርስ ጽሑፍ የት ድረስ ሊሄድ ይችላል?

ክሎድ ሻነን የሚባል አሜሪካዊ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1937፣ በ21 ዓመቱ፣ ኤምአይቲ ውስጥ የማስተርስ ጽሑፉን አቀረበ። በዚያን ጊዜ የሚሠራው በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ ማብሪያ ማጥፊያዎች በነበሩት ትልቅ የስሌት ማሽን ላይ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ በፍልስፍና ክፍል ውስጥ ጆርጅ ቡል የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ከ80 ዓመት በፊት የጻፈውን የሎጂክ ሒሳብ ተምሯል። በዚህ ሒሳብ ማንኛውም ነገር ወይ እውነት ነው ወይ ሐሰት።

ሻነን ያየው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል፦ «በርቷል» እና «ጠፍቷል» ማለት «እውነት» እና «ሐሰት» እንደማለት ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ዑደትን በሒሳብ መንደፍ ይቻላል። ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ የሚያስበው በዚህ መንገድ ነው። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1948 መረጃ ራሱ እንዴት እንደሚለካ አሳየ፤ «ቢት» የሚለው መለኪያም የታወቀው በዚያ ጽሑፍ ነው።

ሁሉም ማስተርስ እንደዚህ ይሆናል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው አይሆንም። ቅርጹ ግን አንድ ነው፦ ትንሽ፣ ጠባብ፣ መልሷ ሊጣራ የምትችል ጥያቄ።

ከስሞታ ወደ ጥያቄ

ወደ «ፀሐይ» እንመለስ። «የአማርኛ ፍለጋ ደካማ ነው» ስሞታ እንጂ የምርምር ጥያቄ አይደለም። አማካሪያችሁ ጋ ይዛችሁት ብትሄዱ «እና?» ብሎ ይመልሳችኋል። ጥያቄው ሲስተካከል እንዲህ ይመስላል፦ «በእነዚህ 1,000 የአማርኛ ዜናዎች ላይ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላትን ወደ አንድ ብናመጣ፣ የፍለጋው ውጤት በምን ያህል ይሻሻላል?» አሁን ስብስቡ ታውቋል፣ የሚቀየረው ነገር ታውቋል። የቀረው «ይሻሻላል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ነው።

ለዚህ ሁለት መለኪያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንግሊዝ አገር ክራንፊልድ ውስጥ ሲሪል ክሌቨርደን ባካሄዳቸው ሙከራዎች በደንብ ተፈትሸዋል፤ እስካሁንም ይሠራባቸዋል። አንደኛው ትክክለኝነት ነው፦ ከመጡልን ውስጥ ስንቱ የምንፈልገው ነው? ሁለተኛው ምሉዕነት ነው፦ ከምንፈልገው ውስጥ ስንቱ መጣልን?

በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው። በስብስባችን ውስጥ ስለ ፀሐይ ኃይል የሚያወሩ 12 ዜናዎች አሉ እንበል።

• ምንም ሳንነካ ስንፈልግ 10 ዜና መጣ፤ 6ቱ ትክክል ናቸው። ትክክለኝነት 60 በመቶ፣ ምሉዕነት 50 በመቶ።

• ፊደላቱን ወደ አንድ ስናመጣ 15 መጣ፤ 10ሩ ትክክል ናቸው። ትክክለኝነት ወደ 67፣ ምሉዕነት ወደ 83 በመቶ ከፍ አለ።

• ከዚያ በላይ ደፍረን ቃላቱን ከፊትም ከኋላም ስንቆርጥ 40 መጣ፤ 12ቱም አሉበት። ምሉዕነት 100 በመቶ! ትክክለኝነት ግን 30 ብቻ።

ሦስተኛው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? እንደ ፈላጊው ነው። አንድም ማስረጃ እንዲያመልጠው የማይፈልግ ጠበቃ 40ውንም ያነባል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ስልኩን የሚነካካ ሰው ግን ሦስተኛው ላይ ይሰለቻል። «ሠርቷል» ማለት ብቻውን መልስ የማይሆነው ለዚህ ነው። ከምሕንድስና የመጣን ሰዎች ነገሩ ከሠራ ደስ ይለናል፤ እዚህ ግን ወዲያው «ከምን ጋር ሲነጻጸር? ለማን?» የሚል ይከተላል።

ቋንቋው ሲያስቸግር

ፊደላትን አንድ ማድረግ ነጻ አይደለም፣ ዋጋ አለው። «ድኅነት» መዳን ነው፤ «ድህነት» ማጣት ነው። «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው። ኅን እና ህን ካዋሐድን ስለ ድህነት ቅነሳ የሚፈልግ ተማሪ ስብከት ሊመጣለት ይችላል። በሌላ በኩል ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ልዩነቱን ካልጠበቁ መለየቱ ምን ይጠቅማል? ይህ በክርክር አይፈታም፤ ጽሑፍ ሰብስቦ መቁጠር ያስፈልጋል።

ቅጥያም አለ። «ቤት» ብለን ስንፈልግ «ቤቶች»፣ «ከቤታችን»፣ «የቤቶቻቸው» ቢመጡ ደስ ይለናል። ስለዚህ ከፊት ያሉትን «የ»፣ «በ»፣ «ከ» እንቁረጥ? እንሞክር፦ «የካቲት» «ካቲት» ይሆናል፣ «ከተማ» «ተማ» ይቀራል፣ «በሬ»ም «ሬ» ብቻ! «ሰበረ»፣ «ተሰበረ»፣ «ስብራት» ደግሞ ከአንድ ሥር ወጥተው ውስጣቸው ይቀያየራል፤ እነሱን በመቁረጥ ብቻ ማገናኘት አይቻልም። ለእንግሊዝኛ የተሠራ መሣሪያ እንዲሁ አምጥተን ብንጭንበት እንደማይሆን ከዚህ ይታያል።

ሁለቱ ዓመታት እንዴት ያልፋሉ?

እኛ አገር በተለመደው አካሄድ የመጀመሪያው ዓመት የኮርስ ነው፦ የመረጃ ፍለጋ፣ ዳታቤዝ፣ ማሽን ለርኒንግ፣ ስታትስቲክስ፣ የምርምር ዘዴ። ሁለተኛው ዓመት የጽሑፍ ነው፦ ፕሮፖዛል፣ ዳታ መሰብሰብ፣ ሙከራ፣ መጻፍ፣ በመጨረሻም በፈታኞች ፊት ቆሞ መከላከል።

ከውጭ ሲታይ ጊዜው ኮድ ላይ የሚያልቅ ይመስላል። አብዛኛውን የሚበላው ግን ዳታ ነው። ለምሳሌያችን 1,000 ዜና ማንበብና «ይህ ስለ ፀሐይ ኃይል ነው፣ ይህ አይደለም» እያሉ ምልክት ማድረግ የግድ ነው፤ ያለዚያ 12 መሆናቸውን ማን ነገረን? አንድ ሰው ብቻ ከፈረደ የእሱ አስተያየት ሆኖ ይቀራል። ሁለት ሰዎች ሲፈርዱ ደግሞ አይስማሙም። የሰዎቹ ስምምነት ከአጋጣሚ ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚለካ ቀመር አለ፤ ጄኮብ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው «ካፓ» ይባላል። ሥራው አሰልቺ ነው። ግን በደንብ ከተሠራ፣ እናንተ ከተመረቃችሁ በኋላም ሌሎች ሊጠቀሙበት የሚችሉት ያንን ዳታ ነው።

ለማን ይሆናል?

ዓላማችሁ ቶሎ ሥራ መያዝ ወይም አንድ አፕ ሠርቶ ገበያ ላይ ማውጣት ከሆነ፣ አጭር ሥልጠናና ልምምድ ይበልጥ ይጠቅማችኋል፤ ማስተርሱ ቢቆይ ምንም አይጎድልባችሁም። «ለምን እንዲህ ሆነ? በምንስ ይረጋገጣል?» የሚል ጥያቄ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ከሆነ ግን ቦታችሁ ነው።

«ኮምፒውተር አልተማርኩም» ብላችሁም አትሽሹ። ካረን ስፓርክ ጆንስ ካምብሪጅ ውስጥ መጀመሪያ የተማረችው ታሪክና ፍልስፍና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበችው ሐሳብ ዛሬም የፍለጋ ትምህርት ሲጀመር የሚሰጥ ነው፦ በሁሉም ጽሑፍ ውስጥ የሚገኝ ቃል ለመለየት አይረዳም፣ በጥቂቶቹ ብቻ የሚገኝ ቃል ግን ብዙ ይናገራል። «ነው» ምንም አይለይም፤ «ፅንስ» ይለያል።

ከመመዝገባችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። በምትፈልጉት ጉዳይ ላይ የሚሠራ አማካሪ አለ? ዳታውን ከየት ታገኛላችሁ? ቀደም ያሉ ተማሪዎች የሠሯቸውን ጽሑፎች አንብባችኋል? ሦስተኛውን ዛሬውኑ መጀመር ትችላላችሁ፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፎችን በነጻ ያስነብባሉ።

ከዚያም በፊት መሞከር ከፈለጋችሁ 50 የአማርኛ ዜናዎችን ሰብስቡ። አንድ ርዕስ ምረጡና ከጓደኛችሁ ጋር ተለያይታችሁ ምልክት አድርጉ። በስንቱ እንደተስማማችሁ ቁጠሩ፣ ከዚያ ቃሉን በተለያየ አጻጻፍ ፈልጋችሁ ትክክለኝነትንና ምሉዕነትን አስሉ። ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ያልተስማማችሁበትን ዜና መልሳችሁ ስታነቡ «ለምን?» ብላችሁ መከራከር ከጀመራችሁ፣ ምርምር ጀምራችኋል።