በወረዳ መዝገብ ያልተጻፈ ሰው

በግቢያችን ስለ መንግሥት የተነሣ እንደ ሆነ ክርክሩ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል። ስለ ሕገ መንግሥት፥ ስለ ፓርላማ፥ ስለ ሚኒስትሮች ሹም ሽር ሌሊቱን እንከራከራለን። የገጠሩ ሰው ግን በዕድሜው ሙሉ አንድ ሚኒስትር ላያይ ይችላል። ለእርሱ መንግሥት ማለት የቀበሌው ሊቀ መንበር፥ የወረዳው ጽሕፈት ቤትና በማመልከቻው ግርጌ የምታርፈው ክብ ማኅተም ናት። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ወረዳ በየዕለቱ የሚሠራው ምን እንደ ሆነ፥ ገንዘቡንም ከየት እንደሚያገኝ ለመግለጽ እሞክራለሁ። ምሳሌ ያደረግሁት በሱዳን ወሰን ያለውን የመተማን ቆላ ነው። ምክንያቱን አንባቢ ወደ ታች ሲወርድ ያገኘዋል።

ወረዳ የሚለው ስም የቆየ ነው፤ ትርጉሙ ግን በየዘመኑ ተለውጧል። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገሪቱ በጠቅላይ ግዛት፥ በአውራጃ፥ በወረዳና በምክትል ወረዳ ስትከፈል የወረዳ ገዥ ከላይ የሚሾም ሰው ነበር። ዋና ሥራውም ጸጥታ ማስከበርና ግብር ማስገባት ነበር። መተማም በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ከጭልጋ አውራጃ በታች ነበረች። በ1958 ዓ.ም. አውራጃዎች የራሳቸው ምክር ቤት እንዲኖራቸው የሚያደርግ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ፓርላማው ስላልተቀበለው ሐሳቡ እንደ ታሰበው አልተፈጸመም። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ፥ ቢያንስ በ20 ጋሻ ማለት በ800 ሄክታር ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ። የዛሬው የገጠር ቀበሌ ሥሩ ከዚያ ነው። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ወረዳ የራሱ ምክር ቤት ያለው እርከን ሆነ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 50 ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጠው ደነገገ። ከ1994 ዓ.ም. አንሥቶ ደግሞ የአማራ ክልል ወረዳዎች ከክልሉ የሚላክላቸውን ድጎማ ራሳቸው እንዲደለድሉ ተደረገ።

እንግዲህ በሕጉ መሠረት የወረዳው ሕዝብ በየአምስት ዓመቱ ምክር ቤት ይመርጣል። ምክር ቤቱም አስተዳዳሪውን ይሰይማል፤ የዓመቱን ዕቅድና በጀት ያጸድቃል። በአስተዳዳሪው ሥር የግብርና፥ የትምህርት፥ የጤና፥ የውሃ፥ የገንዘብ፥ የገቢዎች፥ የመሬት አስተዳደርና የሌሎችም ሥራዎች ጽሕፈት ቤቶች አሉ። ከወረዳው በታች ቀበሌ፥ ከቀበሌው በታች ጎጥ ይገኛል። የወረዳው እጅ እስከ ገበሬው ደጃፍ የሚዘረጋው በጥቂት ሰዎች ነው፤ በአስተማሪው፥ በግብርናው የልማት ሠራተኛ፥ እንዲሁም እንደ ደንቡ በየቀበሌው ሁለት ሆነው በሚመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች።

ሰላም በሆነበት ጊዜ የወረዳ ቀን የሚጀምረው ከደጃፍ ነው። ቢሮ ሳይከፈት ባለ ጉዳይ ተሰብስቧል። አንዱ ወንድሙ የአባቱን ማሳ አላካፍልም ስላለው መጥቷል። አንዷ ባልዋ ስለ ሞተ የመሬቱ ደብተር በስሟ እንዲዞርላት ትለምናለች። የጎጡ ሽማግሌዎች የውሃው ፓምፕ ከተሰበረ ወር ሞላው ይላሉ። አስተማሪው ዝውውር ይጠይቃል፤ ነጋዴው ፈቃድ ያሳድሳል። ማመልከቻውን በዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠው ጸሐፊ ይጽፈዋል። ከዚያ በፊት ግን ቀበሌው «ነዋሪያችን መሆናቸውን እናረጋግጣለን» ብሎ መጻፍ አለበት። መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠዋል፤ አስተዳዳሪው በጠርዙ ላይ «ለመሬት አስተዳደር፥ ተጣርቶ ይቅረብ» ብሎ ይመራዋል፤ ባለሙያው ደግሞ «ከቀበሌው ኮሚቴ አስተያየት ይቅረብ» ብሎ ይመልሰዋል። ሹሙ ስብሰባ ላይ ከሆኑ ጉዳዩ ለነገ ያድራል።

በዚህ የወረቀት ጉዞ መሳቅ ቀላል ነው፤ እኛም እንስቃለን። ነገር ግን ወረቀት የደካማ ሰው ጋሻ መሆኑን መርሳት አይገባም። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት ከተጀመረ ወዲህ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፋል። መበለቲቱ ጕልበት ካለው ዘመድ ጋር ስትከራከር ያላት ምስክር ያ ደብተር ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ወረቀቱ ለምን በዛ?» ብቻ ሊሆን አይገባም። «በወረቀቱ ላይ ስሙ የሌለው ሰውስ ምን ይሁን?» ማለትም ያስፈልጋል። የወረዳን በር የሚከፍተው ቃል «ነዋሪ» የሚለው ነውና።

ይህ ቃል ገንዘቡንም ይከፍታል። የወረዳ ገንዘብ ከሁለት ምንጭ ይመጣል። የመጀመሪያው በራሱ የሚሰበስበው ነው፤ ይኸውም የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያ፥ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር፥ የትንንሽ ነጋዴዎች ግብርና ልዩ ልዩ የአገልግሎት ክፍያ ነው። ሁለተኛውና የሚበልጠው ከክልሉ የሚላከው ድጎማ ነው። ድጎማው በቀመር ይከፋፈላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀመሩ የሕዝብን ብዛት፥ የልማትን ደረጃና ወረዳው ገቢ ለመሰብሰብ የሚያደርገውን ጥረት ይመለከት ነበር፤ በኋላ ደግሞ ለአንድ ተማሪ፥ ለአንድ ታካሚ የሚያስፈልገውን ወጪ ወደ ማስላት ተሻሻለ። በሁለቱም መንገድ ቢሆን መነሻው የሰው ቍጥር ነው። የመጣው ገንዘብ አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል። ለሞተር ብስክሌት ነዳጅ፥ ለውሎ አበል፥ ለወረቀት፥ ለጥገና የሚተርፈው ጥቂት ነው። ትምህርት ቤት ወይም መንገድ ሲሠራም የጎደለውን ሕዝቡ በገንዘቡና በጕልበቱ ይሞላል።

አሁን ወደ መተማ እንውረድ። መተማ ሲባል ብዙ ተማሪ የሚያስታውሰው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁበትን ስፍራ መሆኑን ነው። ከጎንደር ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ገንዳ ውሃን አልፎ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ መተማ ዮሐንስ ይደርሳል፤ ማዶው የሱዳን ገላባት ነው። ቀድሞ ሸኸዲ ትባል የነበረችው ገንዳ ውሃ ለብዙ ጊዜ የመተማ ወረዳ ማእከል ሆና ኖራለች፤ ሰሜን ጎንደር ለሦስት ዞን ከተከፈለ በኋላ ደግሞ የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ሆናለች። አገሩ ሞቃት ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። አፈሩ ግን ጥቁርና ለም ነው፤ ሰሊጥ፥ ጥጥና ማሽላ ያበቅላል። ሰሊጡ ወደ ውጭ አገር ተሽጦ ለአገር ምንዛሪ ያመጣል። በመተማ ዮሐንስ የሚያልፈው ዕቃ የሚከፈልበት ቀረጥ ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 መሠረት የፌዴራል መንግሥት ገቢ ነው። ከባድ መኪናው በወረዳው ምድር ላይ አቧራውን ትቶ ያልፋል፤ ቀረጡ በወረዳው ሒሳብ አይገባም።

ይህንን እንኳ በአገር አንድነት ሕግ ልንቀበለው እንችላለን። የሚከብደው የሰው ቍጥር ነገር ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የመተማ ወረዳ ሕዝብ 110 ሺህ ገደማ ነበር፤ ከሴቱም ወንዱ በሰባት ሺህ ያህል ይበልጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ ቆጠራ አልተደረገም፤ የሚሠራው በግምት ነው። ይህ ቍጥር በቤቱ የሚኖረውን ሰው ይቆጥራል። የመተማን እርሻ የሚያርመውና የሚያጭደው ግን አብዛኛው በዚያ ቤት ያለው ሰው አይደለም። ከበለሳ፥ ከወሎ፥ ከጎጃም፥ ከሌላም ደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ነው፤ በዚያ አገር ሳሉግ ይሉታል። ማሳውን በቆላ፥ ቤቱን በደጋ ያደረገ ሞፈር ዘመትም አለ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ሰፈራ የመጡት ግን ቤትና መሬት ስለ ተሰጣቸው በመዝገብ ገብተዋል። ሳሉጉ አልገባም።

ወቅቱን ከመንግሥት የቀን መቍጠሪያ ጋር ብናስተያየው ነገሩ ይገለጣል። ሰሊጥ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ይዘራል፤ በሐምሌና በነሐሴ ይታረማል፤ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ይታጨዳል። የበሰለ ሰሊጥ አይጠብቅም፤ ጥቂት ቀን ከዘገዩበት ቅርፊቱ ተከፍቶ ዘሩ ይረግፋል። ስለዚህ ሠራተኛው ባንድ ጊዜ ይፈለጋል፤ ባንድ ጊዜም ይጎርፋል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ደግሞ ሰኔ 30 ቀን ተዘግቶ ሐምሌ 1 ቀን ይከፈታል። ሠራተኛው ሲወርድ የወረዳው አሮጌ ሒሳብ ተዘግቷል፤ አዲሱም በጀት ገና እየተደለደለ ነው። የወባ ጊዜ የሚጠናው ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር፥ ልክ በአጨዳው ወራት ነው። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት መድኃኒት ሲጠይቅ የነዋሪውን ቍጥር ይዞ ይጠይቃል፤ በሽታው ግን ነዋሪና እንግዳ አይለይም።

አንዳንድ ሰው «ሳሉጉ በትውልድ ወረዳው ተቈጥሯልና ሁለት ጊዜ መቍጠር አያስፈልግም» ሊል ይችላል። ክርክሩ በሒሳብ ደንብ ትክክል ነው። ነገር ግን የአልጋ አጎበር የሚታደለው በየቤተ ሰቡ ነው። የበለሳው ሰው አጎበር በቤቱ ተሰቅሎ ሳለ እርሱ በመተማ ከዛፍ ሥር ያድራል። አጎበሩን በደጋ፥ ትንኙን በቆላ ካደረግን መዝገባችን ትክክል ሆኖ ሰውየው ይታመማል።

የዚህን ዋጋ የሚያሳይ ታሪክ አለ። በቆላው ወባ ብቻ ሳይሆን ካላዛር የሚባል በሽታ አለ። የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ሲሆን፥ ትኵሳቱ ሳይለቅ ይሰነብታል፤ ሰውነት ይከሳል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ ካልታከሙትም ይገድላል። ከተነደፉ በኋላ እስኪታይ ሳምንታትና ወራት ስለሚወስድ ሠራተኛው ደመወዙን ተቀብሎ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ይታመማል። በሊቦ ከምከምና በፎገራ ደጋ በ1990ዎቹ አጋማሽ እንዲህ ያለ ትኵሳት ተነሥቶ ብዙ ሰው ገደለ። በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር፤ ካላዛር መሆኑ የታወቀው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከመተማና ከሁመራ ቆላ በተመለሱ ሠራተኞች አማካይነት እንደ ገባ ይታመናል። እንግዲህ አንዱ ወረዳ ያልጻፈው ሰው በሌላው ወረዳ ለተጻፉት ጎረቤቶቹም መከራ ሆነ። ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ማከሚያና ምርምር ማእከል አለ፤ በመተማም ሆስፒታል ሕክምናው ይሰጣል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሐኪም ግን የሚያድነው የደረሰለትን በሽተኛ ነው።

ሰውን በወቅቱ መቍጠር የማይቻል ነገር አለመሆኑን ያው መተማ አሳይቷል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ሕዝብ በመተማ በር ጎረፈ። የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤትና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቀብለው መዘገቡ፤ በዚያው ዓመት በዞኑ ውስጥ ኩመር የተባለው መጠለያ ተከፈተ። ስደተኛው ተመቸው ማለቴ አይደለም፤ በረኃብና በዘራፊ እጅ ብዙ ተንገላቷል። ማለት የፈለግሁት፥ ሰው በወሰን ሲያልፍ መቍጠር ከተቻለ ከበለሳ የሚወርደውን የአገር ልጅ መቍጠርም እንደሚቻል ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። አንደኛ፥ የእርሻው ባለቤት የቀጠረውን ሠራተኛ ስምና የትውልድ ወረዳ ለቀበሌው ያስታውቅ፤ ቀበሌውም «ለወቅቱ የመጣ» የሚል አንድ ዐምድ በመዝገቡ ይጨምር። ሁለተኛ፥ ክልሉ ድጎማውን ሲቀምር ይህንን ዐምድ ይመልከት፤ ገንዘቡም ከሐምሌ በፊት ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። ሦስተኛ፥ ሠራተኛው ሲመለስ የመተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ለትውልድ ወረዳው ይጻፍለት፤ ትኵሳት ቢይዘው የሚያየው ባለሙያ ከየት እንደ መጣ እንዲያውቅ።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት በብዙ ወረዳዎች ሥራው ተቋርጧል፤ በአንዳንዱም ስፍራ ጽሕፈት ቤት አለ ለማለት ያስቸግራል። ስለዚህ ስለ መዝገብ ዐምድ ማውራት ለጊዜው ቅንጦት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን መንግሥት በጠፋበት አገርም ሰሊጥ በወቅቱ ይበስላል፤ ሠራተኛውም ረኃብ ይገፋዋልና ይወርዳል። ሰላም ሲመለስ ደግሞ ጽሕፈት ቤቶቹ እንደገና ይከፈታሉ፤ በጠረጴዛው ኋላ ከሚቀመጡት መካከል አንዳንዶቻችን እንኖርበታለን። ያን ጊዜ አንድ በፀሐይ የጠቈረ ሰው በትኵሳት እየተንቀጠቀጠ በሩ ላይ ሲቆም፥ መጀመሪያ የምንጠይቀው «የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ ነህ?» ብለን እንዳይሆን ከአሁኑ እናስብበት።