ረመዳን ሳይገባ የሚዘጋ ሂሳብ

ረመዳን ሊገባ ሲል ገበያው ቀድሞ ያውቃል። ተምር በካርቶን ይደረደራል። የሳምቡሳ ምስር ይለቀማል፤ ዘይት ይገዛል። ቤቱ ተዘጋጀ እንላለን። ልባችን ትዝ የሚለን ግን የመጀመሪያው ሌሊት ለሱሁር (ከንጋት በፊት ለሚበላው ምግብ) ስንነሳ ነው። ከዚያ አንዱ ሳምንት በራስ ምታት፣ ሌላው ከሌሊት ሶላት ጋር በመላመድ ያልፋል። ወሩ ሲያልቅ «ገና አሁን መጀመሬ ነበር» እንላለን።

ይህ ማብራሪያ ስለዚያ ስለዘነጋነው ዝግጅት ነው። ሥራው ሂሳብ እንደማጥራት ነው። ምን ዕዳ አለብኝ? ለማን? እስከ መቼ እከፍለዋለሁ? ተራ በተራ እንየው።

መቼ ልጀምር?

ከረመዳን በፊት ያለው ወር ሻዕባን ይባላል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከረመዳን ውጭ እንደ ሻዕባን አብዝተው የጾሙት ወር እንደሌለ ባለቤታቸው ዓኢሻ አስተላልፈዋል። ነቢዩ ምክንያቱን ሲጠየቁም፣ ሰዎች በረጀብና በረመዳን መካከል የሚዘነጉት ወር ነው፤ የሰው ሥራም ወደ አላህ የሚወጣበት ነው ብለዋል።

ስለዚህ ከሻዕባን ይነሱ። በወሩ ሰኞና ሐሙስን ብቻ ቢጾሙ ስምንት ቀን ገደማ ያገኛሉ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ረመዳን ሊገባ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው «ለማንኛውም ልጹም» ማለት ተከልክሏል። የሰኞና ሐሙስ ልማድ ያለው ወይም ያለፈ ጾም የሚያካክስ ሰው ግን ይችላል።

ሻዕባን መቼ እንደሚገባ ለመገመት ቀላል መንገድ አለ። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። በ2017 ዓ.ም. ረመዳን የገባው የካቲት 22 ነበር፤ በ2018 የካቲት ሳይጋመስ ገባ። እርስዎም ያለፈውን ዓመት መግቢያ አይተው 11 ቀን ይቀንሱ። ከዚያ አንድ ወር ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ትክክለኛውን ቀን ጨረቃ ትነግረናለች።

ያላካካስኩት ጾም ቢኖርስ?

የመጀመሪያው ዕዳ ይህ ነው። ቀዷ ይባላል፤ በምክንያት ያመለጠን ጾም በሌላ ቀን መክፈል ማለት ነው። ሕመም፣ ጉዞ፣ የወር አበባና የወሊድ ጊዜ ጾም ያስፈታሉ። ቀኖቹ ግን ይቆጠራሉ። በወር አበባ ጊዜ ያለፈ ሶላት አይካካስም፤ ጾሙ ግን ይካካሳል። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው።

አክስቴ ቀዷዋን በባቄላ ትቆጥር ነበር። የዒድ (የረመዳን ፍጻሜ በዓል) ማግስት ጠርዟ በተሸረፈ ሲኒ ሰባት ባቄላ ጨምራ ቡፌው ላይ ታስቀምጣለች። አንድ ቀን ስትጾም፣ ማታ ካፈጠረች (ጾሟን ከፈታች) በኋላ አንዷን ታወጣለች። ሻዕባን ሲገባ ሁልጊዜ አራት ወይም አምስት ባቄላ ይቀራት ነበር። «ሲኒዬ ሳትራገፍ ረመዳንን በምን ዓይኔ ላየው?» ትላለች። እርስዎ በስልክዎ ቢመዘግቡም ያው ነው። ቁጥሩ ከጠፋብዎት ወደሚበዛው ግምት ያድሉ።

«እስከ አሁን ዘገየሁ» ብለው አይሸማቀቁ። ዓኢሻም ቀዷቸውን የሚከፍሉት በሻዕባን ነበር። ያለ በቂ ምክንያት ቀጣዩን ረመዳን ካሻገሩት ግን ዋጋው ይጨምራል። አብዛኞቹ ዑለማዎች (የሃይማኖቱ ሊቃውንት) ከቀዷው ሌላ ለየቀኑ አንድ ድኻ ማብላት ያስፈልጋል ይላሉ። በሐነፊ መዝሀብ፣ ማለትም በአንደኛው የሕግ ትምህርት መስመር፣ ቀዷው ብቻ ይበቃል።

ጨርሶ መጾም ለማይችልስ?

በዕድሜ የደከመ ወይም ይድናል ተብሎ የማይጠበቅ ሕመምተኛ ቀዷ የለበትም። ፊድያ ይከፍላል። ፊድያ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ድኻ ማብላት ነው።

መለኪያው ሙድ ይባላል። መካከለኛ ሰው ሁለት መዳፉን ገጥሞ የሚያፍሰው እህል ነው፤ በሚዛን ከግማሽ ኪሎ ከፍ ይላል። ገሚሶቹ ሊቃውንት ለአንድ ቀን አንድ ሙድ ይበቃል ይላሉ፤ ሌሎቹ ሁለት። ለሙሉው ወር ሲሰላ 20 ኪሎ አካባቢ ወይም የዚያ እጥፍ ይሆናል። በሰፈርዎ የእህል ዋጋ ያባዙት። ወጪውን በሻዕባን ካወቁት ረመዳን ሲገባ አያስደነግጥም።

የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪምዎን ማየት ያለብዎትም በዚሁ ወር ነው። የመድኃኒቱ ሰዓት ሊቀየር ወይም ጭራሹን ጾሙ ሊከለከል ይችላል። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ምን መክፈል እንዳለባቸው ሊቃውንቱ ይለያያሉ፤ የሚያምኑትን ኢማም ይጠይቁ።

«አፉ በሉኝ» ማለት ብቻውን ይበቃል?

ረመዳን ሲቃረብ ስልካችን «አፉ በሉኝ» (ይቅር በሉኝ) በሚል መልእክት ይጨናነቃል። አንዱ ጽፎ ለመቶ ሰው ይልካል። መልካም ልማድ ነው። ግን የበደልነው ሰው ከመቶው መካከል ማንኛው እንደሆነ ልባችን ያውቃል።

ንስሐ በእስልምና ተውባ ይባላል። ሦስት ነገር ይፈልጋል። ጥፋቱን ማቆም፣ ከልብ መጸጸት፣ ዳግም ላለመመለስ መወሰን። ጥፋቱ የሰው ሐቅ (መብት ወይም ንብረት) ያለበት ከሆነ አራተኛ ይጨመራል፤ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ ወይም ይቅርታውን ማግኘት።

ይህን አራተኛውን የተማርኩት በስልክ ነው። ከድሮ ጎረቤቴ ጋር በ2,000 ብር ብድር ተኳርፈን ነበር። ተበዳሪው እኔ ነኝ። በአንድ ሻዕባን፣ ለሦስት ቀን ስልኩን ሳነሳ ሳስቀምጥ ቆይቼ ደወልኩ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ሁለታችንም ዝም አልን። ከበስተኋላው ቴሌቪዥን ይሰማል። «አፉ በለኝ» አልኩት። «አፉ ብያለሁ» አለኝ። ትንሽ ቆየና፣ «ገንዘቧስ?» አለ። ሳቅን። በሳምንቱ ግማሹን ላክሁለት፤ የቀረውን በሁለት ወር ጨረስኩ።

ስለዚህ መክፈል ከቻሉ ይክፈሉ። ካልቻሉ ቀን ቆርጠው ይንገሩት። ባለገንዘቡ ሞቶ ከሆነ ለወራሾቹ ይስጡ።

ሐሜትስ? ያሙት ሰው ሰምቶ ከሆነ ይቅርታ ይጠይቁት። ካልሰማና ቢነግሩት ጠብ የሚነሳ ከሆነ፣ ብዙ ሊቃውንት አለመንገርን ይመርጣሉ። ዱዓ (ጸሎት) ያድርጉለት፤ ስሙን ባጎደፉበት ሰው ፊትም በጎነቱን ያውሩ።

ቁርኣን ማንበብ ይከብደኛል፤ በምን ልጀምር?

ቁርኣን መውረድ የጀመረው በረመዳን ነው። መልአኩ ጅብሪልም በየረመዳኑ ከነቢዩ ጋር ይከልሰው ነበር። በወሩ ውስጥ አንድ ጊዜ መጨረስ የብዙ ሰው ምኞት የሆነው ለዚህ ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። በብዛት የምናየው የመዲና ኅትመት 604 ገጽ አለው። በ30 ጁዝ (ክፍል) ተከፍሏል፤ አንዱ ጁዝ 20 ገጽ ገደማ ነው። ከአምስቱ ሶላቶች በኋላ አራት አራት ገጽ ካነበቡ በቀን አንድ ጁዝ፣ በወር ሙሉውን ይጨርሳሉ።

ችግሩ፣ በሌላው ጊዜ አንድ ገጽ የማያነብ ሰው በረመዳን የመጀመሪያ ቀን በ20 ገጽ ሲጀምር በሦስተኛው ቀን ይሰለቻል። በሻዕባን የመጀመሪያ ሳምንት ከሱብሒ (ከንጋት) ሶላት በኋላ አንድ ገጽ ብቻ ያንብቡ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ያድርጉት። በአራተኛው ሳምንት ከየሶላቱ በኋላ አንዳንድ ገጽ ይሁን። አንዷን ገጽ በስንት ደቂቃ እንደሚያነቡም በሰዓት ይለኩ። አምስት ደቂቃ ከሆነ ለአራት ገጽ 20 ደቂቃ ያስፈልግዎታል። ከየት እንደሚያገኙት አስቀድመው ያስቡበት።

ዐረብኛው ካልገባዎት በአማርኛም ይከታተሉ። ሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የተረጎሙት ቁርኣን ለንባብ ከበቃ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። የሚሰግዱባቸውን አጫጭር ምዕራፎች ትርጉም ማወቅ እንኳ ሶላቱን ይለውጠዋል።

ተራዊሕ ላይ እግሬ ይዝላል፤ ምን ይሻላል?

ተራዊሕ ከዒሻ (ከማታው ሶላት) በኋላ በረመዳን የሚሰገድ ረጅም ሶላት ነው። አንዳንዱ መስጊድ 8 ረከዓ፣ አንዳንዱ 20 ረከዓ ያሰግዳል። ረከዓ ማለት መቆም፣ ማጎንበስና ሱጁድ (በግንባር መስገድ) ያለበት የሶላት አንድ ዙር ነው።

በሻዕባን ከመተኛትዎ በፊት ሁለት ረከዓ ይስገዱ። ቆይተው አራት ያድርጓቸው። ግን ከሁሉ በፊት አምስቱ የግዴታ ሶላቶች ይስተካከሉ። ተራዊሕ ሱና (ትርፍ አምልኮ) ነው። 20 ረከዓ ሰግዶ ሱብሒ ላይ ተኝቶ የሚያረፍድ ሰው ዋናውን አጥቶ ትርፍ ይቆጥራል።

ቡና፣ ጫትና ስልክስ?

በቀን አራት ሲኒ ቡና የለመደ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሱን ያመዋል። ራስ ምታቱ ንዴት ያመጣል፤ ንዴቱ በሚስት፣ በልጅ ወይም በታክሲ ረዳት ላይ ይወርዳል። ክፉ ንግግር ያልተወ ሰው ምግብና ውሃ መተዉ ለአላህ ምንም እንደማይጨምር ነቢዩ አስጠንቅቀዋል። ስለዚህ ቡና መቀነስ የልብም ዝግጅት ነው። በየሳምንቱ አንድ ሲኒ ይቀንሱ። በመጨረሻው ሳምንት የቀረችውን አንዷን ወደ ማታ ያዛውሯት።

ጫት የሚቅም ሰው በረመዳን በርጫውን ወደ ሌሊት ያዞረዋል። ያ ሌሊት የተራዊሕና የእንቅልፍ ነው። ማሳጠር የሚጀመረው በሻዕባን ነው። ስልክም እንደዚያው። ከዒሻ በኋላ ስልኩን በሌላ ክፍል የማሳደር ልምድ ዛሬውኑ ይጀመር።

ጊዜ የለኝም፤ በሰው ቤት ነው የምሠራው

በዐረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ይህን ያውቁታል። ረመዳን ለነሱ ሥራ የሚበዛበት ወር ነው። ከአስር ሶላት (ከቀትር በኋላ ከሚሰገደው) ጀምሮ ሳምቡሳ ይጠበሳል፤ ከኢፍጣር በኋላ የሳህን ክምር ይጠብቃል።

እጅ ሲሠራ ምላስ ነፃ ነው። ዚክር (አላህን ማውሳት) ውዱእም (ለሶላት የሚደረግ መታጠብ) ወንበርም አይፈልግም። በሻዕባን አንድ አጭር ዚክር ይምረጡና ከአንድ ሥራ ጋር ያጣምሩት፤ ሽንኩርት ሲከትፉ ኢስቲግፋር (ምሕረት መለመን)፣ ሳህን ሲያጥቡ ሶለዋት (በነቢዩ ላይ የሚወርድ ውዳሴ)። በሁለት ሳምንት እጅዎ ራሱ ያስታውስዎታል። ጾመኛን ያስፈጠረ ሰው፣ የጾመኛው ምንዳ ሳይቀነስ፣ የዚያኑ ያህል እንደሚያገኝም ከነቢዩ ተላልፏል። ምግብ የሚሠራ እጅ ይህን ኒያ (በልብ መወሰን) ይያዝ።

በገንዘብ ስንት ያስወጣኛል?

ሁለት ክፍያዎችን ለይተው ይወቁ። ዘካተል ፊጥር የነፍስ ወከፍ ነው። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ ሷዕ፣ ማለትም አራት ሙድ፣ ከአገሩ ምግብ ይሰጣል። በሚዛን ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ይሆናል። አምስት ሰው ላለበት ቤት ከ12.5 እስከ 15 ኪሎ ነው። ከዒድ ሶላት በፊት መድረስ አለበት።

ሌላው ዘካ ነው። ይህ ከረመዳን ጋር የግድ አይያያዝም። ከ85 ግራም ወርቅ ወይም ከ595 ግራም ብር ዋጋ ያላነሰ ሀብት አንድ የጨረቃ ዓመት ሲሞላው ከ40 እጅ አንዱ ይወጣል፤ ከ1,000 ብር 25 ብር ማለት ነው። ብዙ ሰው ምንዳው ይበዛል ብሎ ለረመዳን ይቀጥረዋል። ሂሳቡን በሻዕባን ይሥሩት።

የቀረው ወጪ በእርስዎ እጅ ነው። ጎረቤት ለማስፈጠር በግ ማረድ የለብዎትም፤ አንድ ተምርና አንድ ብርጭቆ ውሃም ያስፈጥራል።

ይህን ሳነብ ረመዳን ነገ ቢሆንስ?

ለቀዷ ጊዜው አልፏል። ቁጥሩን ጽፈው ከዒድ በኋላ ይክፈሉት። ቡናውም በአንድ ሌሊት አይቀነስም፤ ራስ ምታቱን በትዕግሥት ያሳልፉታል።

ኒያ ለማድረግ ግን ከፈጅር (ከንጋት) በፊት ያለች ትንሽ ጊዜ ትበቃለች። ስልክ ለመደወልም አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከመቶዎቹ ስሞች መካከል ያንን አንዱን ይፈልጉ። ገና አልመሸም፤ ይደውሉለት። «ገንዘቧስ?» ቢልዎትም አይደንግጡ፤ የሚከፍሉበትን ቀን ይንገሩት።