ከቆዳ ሥር ያለ እብጠት እጅ ያደነዝዛል ወይ?

አንድ ገበሬ ክንዱ ላይ እብጠት አለበት እንበል። ሲነኩት ለስለስ ይላል፤ በጣት ሲገፉት ይንሸራተታል፤ አያምም። እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የስብ እብጠት ነው፤ ሐኪሞች ሊፖማ ይሉታል። ካንሰር አይደለም። ብዙ ሰው ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል፤ ምንም አይለውም።

ታዲያ ነርቭ ይጎዳል ወይ? ነገሩ ያለው ቦታው ላይ ነው። ነርቭ ማለት ስሜትና ኃይል የሚያስተላልፍ ክር ነው። ከክርን በታች ጠልቆ ያደገ እብጠት ይህን ክር ሊጫነው ይችላል። ያኔ ጣት አልዘረጋ ይላል። አንጓ ላይ ከሆነ ደግሞ ጣት ይደነዝዛል፤ እርፍ መጨበጥ ያስቸግራል።

በምላጭ መብጣትማ ጨርሶ አይሆንም! ነርቩ አብሮ ሊቆረጥ ይችላል። እጁ የደነዘዘ፣ ወይም እብጠቱ የጠነከረበትና ቶሎ ያደገበት ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይታይ። ሐኪም በጊዜ ካወጣው ነርቩ ብዙ ጊዜ ያገግማል። ከቆየ ግን ጣቱ እንደታጠፈ ሊቀር ይችላል።