«የመረጃ ደኅንነት» ስለሚባለው ስያሜ

አንድ መሥሪያ ቤት ለሥራ ክፍሎቹ ባስተላለፈው ሰርኩላር ላይ «የመሥሪያ ቤቱ የመረጃ ደኅንነት በጥብቅ እንዲጠበቅ» የሚል ትእዛዝ ሰፍሮ አይተናል። የታሰበው በኮምፒዩተሮቹ ውስጥ ያለውን መዝገብ ከሰርጎ ገቦች መከላከል ነበር። ደብዳቤው ግን የተመራው ለጥበቃ ክፍሉ ስለ ነበር ክፍሉ የመዝገብ ቤቱን በር በሁለት ቁልፍ ዘግቶ ግዴታውን ፈጸመ። የኮምፒዩተር ባለሙያዎቹ ትእዛዙን የሰሙት ዘግይተው ነው። በጥበቃ ኃላፊው ልንፈርድ አንችልም፤ ቃሉ ራሱ ወደዚያ ይመራልና።

«መረጃ» ዛሬ ቢያንስ ሦስት ሸክም ተሸክሟል፤ ሰው ለሰው የሚያስተላልፈውን ዕውቀት፣ በኮምፒዩተር የሚከማቸውን ጥሬ አኃዝና ጽሑፍ፣ እንዲሁም የስለላን ሥራ። «ደኅንነት» በበኩሉ መሠረቱ መዳንና ጤና ነው፤ «ደኅና ዋሉ» ስንል የምንመኘው ይህንኑ ነው። ነገር ግን በከተማ አነጋገር «ደኅንነቶች መጡ» ቢባል ስለ ጤና የሚያስብ የለም። ሁለቱ ቃላት በብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት ስም ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚገኙ፣ ሲጣመሩ የሰሚው ሐሳብ ወደ ስለላ ቢሄድ አያስደንቅም።

በመንግሥት ስያሜዎች ውስጥ የውጭው ቃል እንዳለ የተወሰደበት ጊዜ አለ። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር «ኢንፎርሜሽን»ን ይዟል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ «የግል ዳታ» ይላል። የአማርኛ ወዳጆች ቅር ቢሰኙም፣ በእኛ አስተያየት «ዳታ» እዚህ ቦታውን አግኝቷል።

ከዚህ የሚከብደው ግን ደኅንነቱ የምን ደኅንነት እንደ ሆነ አለመነገሩ ነው። ብዙ የሥራ መሪዎች ነገሩን ምስጢር ከመጠበቅ ጋር አንድ ያደርጉታል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) «ዋናክራይ» የተባለው ቤዛ ጠያቂ ፕሮግራም በብዙ አገሮች ሲሠራጭ፣ በእንግሊዝ ከ236 የሕዝብ ጤና ተቋማት ቢያንስ 80ው ተጎድተዋል፤ በሺህ የሚቆጠሩ የሕሙማን ቀጠሮዎችም ተሰርዘዋል። የተሰረቀ የሕሙማን ምስጢር ስለ መኖሩ ግን ማስረጃ አልተገኘም። የጠፋው አገልግሎቱ ነበር። ማይክሮሶፍት የፕሮግራሙን ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ ያወጣው ከሁለት ወር ያህል አስቀድሞ ሲሆን፣ በተጎዱት ኮምፒዩተሮች ላይ አልተጫነም ነበር። ምስጢር ጠባቂ ብቻ የሾመ መሪ እንዲህ ያለውን ጉዳት የሚከላከል ሰው ገና አልሾመም።

ስለዚህ መመሪያ የሚያወጡ ኃላፊዎች «የመረጃ ደኅንነት»ን ብቻውን ጽፈው ባያልፉ እንመክራለን። የዳታው ምስጢራዊነት፣ አለመዛባቱ፣ በተፈለገ ጊዜ መገኘቱ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸውና፣ እያንዳንዱ በስሙ ተጠርቶ ተጠያቂው ይጻፍ። ማሻሻያ የሚጭነው፣ የዳታውን ቅጂ ለብቻው የሚያስቀምጠው፣ ቅጂው በእርግጥ መልሶ መሥራቱን የሚፈትነው ማን እንደ ሆነ ይታወቅ።

የተሳኩ ስያሜዎችም አሉ። «የይለፍ ቃል» ከጦር ሰፈር በር ዘበኛ የመጣ ስለ ሆነ ማንም ሳያስተምረው ይገባዋል። «ዲጂታል ሽግግር» ግን ያጠራጥረናል፤ ሽግግር ተጀምሮ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ማሻሻያ መጫን ግን የማያልቅ ሥራ ነው። ለሦስተኛው ጉዳይ፣ ማለትም በተፈለገ ጊዜ ለመገኘት፣ አንዳንዶች የሚጠቀሙበት «ተደራሽነት» ለሁሉ መዳረስን ስለሚያሰማ አልተቀበልነውም። «ተገኚነት» የሚለውን ለጊዜው አቅርበናል፤ ለጆሮ ሸካራ መሆኑን አልሳትነውም፤ የተሻለ ያለው አንባቢ ይላክልን።