ስሙ ዘግይቶ ቢገዛ ገንዘቡ የማን ነው?

በፍኖተ ሰላም ገበያ በሬ ለመግዛት ቀብድ የከፈለ ገበሬ በሬውን ከመንዳቱ በፊት ሌላ ሰው ቢወስድበት ነገሩን ሽማግሌዎች ይለዩታል። በሬው በዓይን ይታያል፤ ቀብዱን ሲሰጥ ያዩ ምስክሮችም አሉ። ለመሆኑ የተሸጠው ነገር የማይዳሰስ የኢንተርኔት ስም ሲሆን ክርክሩ በምን ይፈታል?

እንደሚታወቀው ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት ላይ የሚፈላለጉት በቁጥር ነው። ሰው ቁጥሩን ከማስታወስ እንዲድን ስምን ወደ ቁጥር የሚመልሰውን የዶሜይን ስም ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1983 የነደፈው ፖል ሞካፔትሪስ ነው። በ«ነጥብ ኮም» የሚያልቁ ስሞች ሁሉ ቬሪሳይን በተባለ ኩባንያ ማዕከላዊ መዝገብ ይሰፍራሉ። የአገራችን መለያ «ነጥብ ኢቲ» እ.ኤ.አ. በ1995 የተመደበ ሲሆን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። በመዝገቡ አንድ ስም ለሁለት ሰው አይሰጥም፤ ቀድሞ ያስመዘገበ ይወስደዋል።

የመዘግየቱ ምክንያት

በቡሬ የበርበሬ አቅራቢዎች ማኅበር አለ እንበል። ማኅበሩ የ«ነጥብ ኮም» ስም ሲፈልግ ክፍያው በዶላር በመሆኑ ብሩን ለአንድ አገናኝ ይሰጣል፤ አገናኙም ውጭ አገር ባለ ወዳጁ ካርድ ይከፍላል። ብሩ የተሰጠበትና ስሙ የተመዘገበበት ጊዜ የሚራራቀው በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት እንደተቋረጠው ያለ ችግር ሲጨመር ደግሞ መዘግየቱ ይብሳል። በመካከሉ ሌላ ሰው ስሙን ከወሰደ ጠብ ይነሣል።

መዝገቡ ምን ይላል?

የእያንዳንዱ ስም የምዝገባ ቅጽበት በመዝገቡ ይጻፋል። ከጥር 2017 ዓ.ም. ወዲህ «ሁ ኢዝ» የተባለውን የቀድሞ መጠየቂያ በተካው «አርዳፕ» አማካይነት ማንም ሰው ይህን ያለ ክፍያ መመልከት ይችላል። ይሁን እንጂ መዝገቡ የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው።

አገናኙ «እስከ ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ዓ.ም. አስመዘግባለሁ» ብሎ ነበር እንበል። መዝገቡ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024፣ 22:15 ይላል። ሴፕቴምበር 10 በእኛ ጳጉሜን 5 ስለሆነ አገናኙ «በቀኑ አድርሻለሁ» ይላል። ነገር ግን የኢትዮጵያ ሰዓት ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ይቀድማልና ጊዜው ሴፕቴምበር 11፣ 01:15 ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7:15 ነው። ቀኑ በእኩለ ሌሊት ይለወጣል ካልን መስከረም 1 ቀን 2017 ገብቷል፤ ንጋትን የሚጠብቅ ሰው ግን ገና ጳጉሜን 5 ነው ሊል ይችላል። ስለዚህ በውሉ ላይ ቀኑ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱና የሰዓቱ አቆጣጠርም መጻፍ አለበት።

ሕጉስ?

ብዙዎች እንዲህ ያለውን ክስ አይካን የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም የሚዳኘው ይመስላቸዋል። አይካን በ1999 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የክርክር ሥርዓት የንግድ ምልክትን በክፉ ልቡና የሚነጥቁ ምዝገባዎችን እንጂ የክፍያ ጠብን አይመለከትም። የማኅበሩና የአገናኙ ጉዳይ የውል ጉዳይ በመሆኑ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይገዛዋል።

በሕጉ አንቀጽ 1772 መሠረት ውሉ አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይኖርበታል። በማስጠንቀቂያውም የመጨረሻ ቀን መቁረጥ ይችላል። ውሉ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ እንዳይፈጸም የተቀጠረ ከሆነና ጊዜው ካለፈ ግን ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም። ውሉ ሲሰረዝ ወገኖቹ ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ይመለሳሉና የተከፈለው ብር ተመላሽ ይሆናል። የኢንተርኔት መቋረጥ ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል መሆኑ ከተረጋገጠ አገናኙን ከካሣ ሊያድነው ይችላል፤ ላላስመዘገበው ስም የተቀበለውን ገንዘብ የማስቀረት መብት ግን አይሰጠውም።

የተሰጠው ገንዘብ ቀብድ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ በአንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ስለሆነም ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» ወይም «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ መጻፉ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

እንግዲህ ስም የሚያስገዛ ሰው የክፍያውን ደረሰኝ ይያዝ፤ የጊዜ ገደቡን ከነሰዓቱ ያጽፍ፤ ቀኑ ሲያልፍ መዝገቡን አይቶ ገጹን ያትም፤ ማስጠንቀቂያውንም በጽሑፍ ይላክ። እነዚህን አራት ወረቀቶች የያዘ ሰው ፍርድ ቤት ቢሄድ የሚያቀርበው ማስረጃ አለው። የፍኖተ ሰላም ሽማግሌዎችም ቢሆኑ ኮምፒውተር ባይነኩ እንኳ ቀኖቹን አስተያይተው ሊያስታርቁት ይችላሉ።