ሕይወት በቱቦ ርዝመት የሚለካበት አሸዋ

በኔዘርላንድስ፣ በጀርመንና በዴንማርክ ዳርቻ በሚገኘው ዋደን ባሕር ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ሲሸሽ የሚታየው ባዶ የሚመስል አሸዋ ነው። ሕይወቱ ከሥር ነው። ኮክል የተባለው ዛጎል ለበስ እንስሳ ቱቦው አጭር በመሆኑ ከአሸዋው ገጽ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር በላይ አይርቅም፤ የአሸዋ ትል ግን 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይወርዳል።

ከባዱ ኑሮ የመካከለኞቹ ነው። ባልቲክ ቴሊን የተባለችው ዛጎል ለበስ ምግቧን የምትስበው ወደ ላይ በምትዘረጋው ቀጭን ቱቦ ነው፤ መሐንዲስ ቢያየው የቧንቧ ርዝመት ችግር ይለው ነበር። ትናንሽ ዓሦችና ሽሪምፖች የቱቦዋን ጫፍ ይቀነጥሱታል። መልሶ ያድጋል፤ እስከዚያው ግን እንዳትራብ ወደ ላይ መጠጋት ግድ ይሆንባታል። እዚያ ሬድ ኖት የተባለችው ስደተኛ ወፍ 3.5 ሴንቲ ሜትር ያህል በሚረዝም መንቁሯ አሸዋውን እየወጋች ትፈልጋታለች።